ኪውጂአይኤስ ከፖስትጂአይኤስ ዳታቤዝ ጋር አልገናኝ አለኝ፤ ሰርቨሩ ላይ ግን ዳታቤዙ ይከፈታል

ጥያቄ — ካርታ ሠሪው

ጤና ይስጥልኝ። የክፍላችን የቦታ መረጃዎች በሙሉ የሚገኙት በአንድ የፖስትጂአይኤስ (የካርታ መረጃ እንዲይዝ የተስፋፋ ፖስትግሬስ) ዳታቤዝ ውስጥ ነው። ሰርቨሩ ዴቢያን ሊኑክስ የተጫነበት ኮምፒውተር ሲሆን፣ እስካሁን ስንሠራ የኖርነው ተራ በተራ እዚያው ሰርቨር ላይ ተቀምጠን ኪውጂአይኤስን (ካርታ የምንሠራበትን ፕሮግራም) በመክፈት ነበር። አሁን እያንዳንዳችን ከየራሳችን የዊንዶውስ ኮምፒውተር በኔትወርክ እንድንገናኝ ስለተፈለገ ይህንኑ ለማስተካከል ከተነሣሁ ሦስተኛ ቀኔን ይዣለሁ፤ እስካሁን ግን አንድም ሌየር (የካርታ ንብርብር) መክፈት አልቻልኩም።

ያደረግኩት የሚከተለውን ነው። በፖስትግሬስ ዋና የማዋቀሪያ ፋይል ውስጥ ሊስን_አድሬሰስ የሚለውን (ሰርቨሩ በየትኞቹ አድራሻዎቹ ጥሪ እንደሚቀበል የሚወስነውን) ከሎካልሆስት (ከራሱ ኮምፒውተር ብቻ) ወደ ኮከብ ምልክት (በሁሉም) ቀይሬዋለሁ። ማን ከየት መግባት እንደሚችል በሚዘረዝረው በፒጂ_ኤችቢኤ ፋይል መጨረሻ ላይ ለ192.168.1.0/24 የሚፈቅድ መስመር ጨምሬያለሁ። ፋየርዎሉ ላይ ፖርት 5432ን ከፍቻለሁ። አገልግሎቱን እንደገና አስነሥቻለሁ፤ በኋላም ሰርቨሩን ራሱን አጥፍቼ አብርቻለሁ። ይህ ሁሉ ሆኖ ኪውጂአይኤስ ላይ ግንኙነቱን ስሞክር የሚመልስልኝ «ኮኔክሽን ሪፊውዝድ» (ግንኙነቱ ውድቅ ሆኗል) የሚል መልእክት ነው። ፒንግ ሳደርግ ሰርቨሩ ይመልሳል፤ ሰርቨሩ ላይ ሆኜ በፒኤስኪውኤል (በፖስትግሬስ የትዕዛዝ መስመር ፕሮግራም) ስገባም ዳታቤዙ ከነሠንጠረዦቹ ይታየኛል። ፖስትግሬሱ 15ኛው እትም ነው፤ ባለፈው ወር ዴቢያንን ከ11 ወደ 12 ስናሳድግ አብሮ አድጓል። የምሳሳተው የት ላይ እንደሆነ ብትጠቁሙኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

መልስ — ቸኩሌ

እኔ እንዲህ ሲገጥመኝ ፋየርዎሉን ሙሉ በሙሉ አጠፋና ፒጂ_ኤችቢኤ ውስጥ ለ0.0.0.0/0 «ትረስት» ብዬ እጽፋለሁ። ወዲያውኑ ይሠራል።

መልስ — ሰርቨር ጠባቂ

ከላይ የተሰጠውን ምክር እባክዎ አይከተሉት። «ትረስት» ማለት የይለፍ ቃል ሳይጠየቅ የሚገባ ማለት ነው፤ 0.0.0.0/0 ደግሞ ከየትኛውም አድራሻ የሚመጣ ሁሉ ማለት ነው። ሁለቱ ሲደመሩ የአስተዳዳሪውን የተጠቃሚ ስም የገመተ ሰው ሁሉ የዳታቤዙ ባለቤት ይሆናል። ደግሞም የእርስዎን ችግር አይፈታውም፤ ምክንያቱም ጥያቄዎ ገና ፒጂ_ኤችቢኤ ዘንድ አልደረሰም።

ይህን የምለው መልእክቱን አይቼ ነው። ፒንግ መመለሱ ኮምፒውተሩ መኖሩን እንጂ ፖርቱ መከፈቱን አይነግርዎትም። «ሪፊውዝድ» የሚለው መልስ የሚመጣው ጥያቄዎ ሰርቨሩ ድረስ ደርሶ በዚያ አድራሻና በዚያ ፖርት ላይ የሚያዳምጥ ፕሮግራም ሲጠፋ ነው። ፋየርዎሉ ዘግቶት ቢሆን ኖሮ አብዛኛውን ጊዜ ምንም መልስ ሳይመጣ ቆይቶ ቆይቶ «ታይምድ አውት» ይልዎት ነበር። ፒጂ_ኤችቢኤ የከለከለዎት ቢሆን ደግሞ መልእክቱ የፋይሉን ስም ራሱን ጠቅሶ፣ ለዚህ አድራሻ፣ ለዚህ ተጠቃሚና ለዚህ ዳታቤዝ የተጻፈ መስመር የለም ይልዎት ነበር። ስለዚህ ፋየርዎሉን ለጊዜው ይተዉት፤ የሚጠረጠረው ሊስን_አድሬሰስ ነው። እርስዎ ቀይሬዋለሁ ብለዋል፤ ጥያቄው የቀየሩት ፋይል እየሠራ ያለው ፖስትግሬስ የሚያነበው ፋይል ነው ወይ የሚለው ነው።

ሰርቨሩ ላይ በፒኤስኪውኤል ይግቡና ሦስት ነገሮችን ይጠይቁት፦ «ሾው ኮንፊግ_ፋይል»፣ «ሾው ሊስን_አድሬሰስ» እና «ሾው ፖርት»። (ትዕዛዞቹን እንደ ድምፃቸው በፊደላችን ጽፌያቸዋለሁ፤ ሲተይቡ በላቲን ይጻፏቸው፣ በመጨረሻም ነጠላ ሰረዝ ከነጥብ ጋር ያለውን ምልክት አይርሱ።) መልሶቹን እንዳሉ ይለጥፉልን። ሊስን_አድሬሰስ አገልግሎቱ እንደገና ሲነሣ ብቻ የሚጸና እንጂ በሪሎድ (አገልግሎቱ ሳይቆም ማዋቀሪያውን ዳግም በማንበብ) የሚነበብ አለመሆኑ ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር ነው፤ እርስዎ ግን ሰርቨሩንም ስላስነሡት ያ አይመስለኝም።

መልስ — የመረጃ ጎተራ

አንድ ነገር ልጨምር። አንድ ሰው ቀደም ሲል «ኦልተር ሲስተም» በሚለው ትዕዛዝ ይህንኑ እሴት ቀይሮት ከሆነ፣ ለውጡ የሚቀመጠው «አውቶ» የሚል ስም በተጨመረበት ሌላ ፋይል ውስጥ ነው፤ ያ ፋይል ደግሞ ከዋናው በኋላ ስለሚነበብ ዋናውን ይሽረዋል። በዋናው ፋይል ላይ ቀኑን ሙሉ ቢጽፉ ለውጥ አያዩም። እኔ ራሴ በዚህ ግማሽ ቀን አጥፍቻለሁ።

ካርታ ሠሪው (ጠያቂ)

ስለ ፈጣን መልሳችሁ አመሰግናለሁ። መልሶቹ እነሆ። ፖርቱ 5432፣ ሊስን_አድሬሰስ ሎካልሆስት፣ የፋይሉ አድራሻ ደግሞ መካከሉ ላይ 13 የሚል ቁጥር ያለበት ነው። እኔ ያስተካከልኩት ግን 15 በሚለው ማኅደር ውስጥ ያለውን ፋይል ነበር! ፒኤስኪውኤል ስገባ የሚያሳየኝ 15 ስለሆነ ሌላ ሊኖር ይችላል ብዬ አላሰብኩም።

መልስ — ሰርቨር ጠባቂ

ነገሩ ተገኘ። ፒኤስኪውኤል ሲከፈት የመጀመሪያዋን መስመር ልብ ብለው ይዩዋት፤ ሁለት ቁጥሮች ናቸው ያሉት። አንዱ የፒኤስኪውኤል የራሱ እትም ነው፤ በቅንፍ ውስጥ «ሰርቨር» ከሚለው ቃል ቀጥሎ ያለው ደግሞ የተገናኙት የዳታቤዝ ሰርቨር እትም ነው። ሁለቱ ሲለያዩ ብቻ ነው ሁለተኛው የሚጻፈው፤ የእርስዎ ላይ 13 የሚል መኖር አለበት።

የሆነው ይህ ነው። ዴቢያን 11 ፖስትግሬስ 13ን፣ ዴቢያን 12 ደግሞ 15ን ይዞ ይመጣል። ስርዓቱን ሲያሳድጉ 15ኛው ከ13ኛው ጎን ይጫናል እንጂ 13ኛውን አይተካውም፤ መረጃውንም አያዛውርም። ፖርት 5432ን ነባሩ ስለያዘው አዲሱ ባዶ ክለስተር (አንድ እትም ከነዳታቤዞቹና ከነማዋቀሪያው) 5433ን ይወስዳል። ስለዚህ እርስዎ በሩን የከፈቱት ባዶ ለሆነው ለ15ኛው ሲሆን፣ መረጃው ያለበት 13ኛው አሁንም ከራሱ ኮምፒውተር ውጪ ማንንም አይሰማም። «ፒጂ_ኤልኤስክለስተርስ» የሚለውን ትዕዛዝ በተርሚናሉ ላይ ይስጡት፤ ሁለቱንም ከነፖርታቸው በሁለት መስመር ያሳይዎታል።

ለማረጋገጥ ያህል ከዊንዶውሱ ኮምፒውተር በፖርት 5433 ይሞክሩ። ፋየርዎሉ ላይ የከፈቱት 5432ን ብቻ ስለሆነ አሁን «ሪፊውዝድ» ሳይሆን «ታይምድ አውት» ይመጣልዎታል ብዬ እገምታለሁ። ይህ ለማወቅ ብቻ ነው፤ በ5433 ላይ የሚፈልጉት ነገር የለም።

መልስ — የመረጃ ጎተራ

አሁን ሁለት ምርጫ አለዎት። አጭሩ መንገድ በ13ኛው ፋይል ላይ ያንኑ ለውጥ ማድረግ ነው። እኔ ግን አልመክረውም፤ ለ13ኛው እትም ይሰጥ የነበረው ድጋፍ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2025 አብቅቷል፤ ለኔትወርክ ክፍት የሚሆን ሰርቨር ደግሞ የደኅንነት ማስተካከያ የማይደርሰው መሆን የለበትም። ስለዚህ መጀመሪያ ያሳድጉት፣ ከዚያ በኋላ ይክፈቱት።

አስቀድመው የ13ኛውን ሙሉ ቅጂ በ«ፒጂ_ደምፕኦል» ያውጡና ከሰርቨሩ ውጪ ያስቀምጡ። ቀጥሎ ለ15ኛው እትም የተዘጋጀውን የፖስትጂአይኤስ ጥቅል ይጫኑ። ይህ ጥቅል ለእያንዳንዱ የፖስትግሬስ እትም የተለየ ስለሆነ፣ ሳይጫን ማዛወር ከተጀመረ ሥራው የጂኦሜትሪ ዓይነቱን አላውቀውም ብሎ መካከል ላይ ይቆማል። ከዚያ 15ኛው ክለስተር በእርግጥ ባዶ መሆኑን በዓይንዎ አይተው በ«ፒጂ_ድሮፕክለስተር» ያስወግዱት። ይህችን እርምጃ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ ሳያነቡ አይፈጽሟት፤ በ15 ፈንታ 13 ብለው ከጻፉ የሚጠፋው መረጃዎ ነው። በመጨረሻም «ፒጂ_አፕግሬድክለስተር 13 ሜይን» ይበሉ። መረጃውን ወደ 15 ያዛውራል፤ አዲሱ ፖርት 5432ን ይወስዳል፤ አሮጌው ቆሞ፣ ከነመረጃው ሳይጠፋ፣ ወደ ሌላ ፖርት ይገፋል። ሁሉም ነገር መሥራቱን ለጥቂት ሳምንታት ካዩ በኋላ አሮጌውን መሰረዝ ይችላሉ።

የማዋቀሪያ ፋይሎቹም ከ13ኛው ስለሚወሰዱ፣ ቀደም ሲል በ15ኛው ላይ የጻፉት ሁሉ ይጠፋል። ሊስን_አድሬሰስን እና የፒጂ_ኤችቢኤውን መስመር እንደገና መጻፍ አለብዎት።

ካርታ ሠሪው (ጠያቂ)

በ5433 ስሞክር እንደተባለው «ታይምድ አውት» አለኝ። ትናንት ማታ ማሳደጉን ጨርሻለሁ፤ «ሾው ኮንፊግ_ፋይል» አሁን 15 ይላል፤ ሊስን_አድሬሰስም ኮከብ ነው። መልእክቱ ተለወጠ፦ ፒጂ_ኤችቢኤ ውስጥ ለሆስት 192.168.10.37 መስመር የለም ይላል። የሚገርመው አንድ ጊዜ ብቻ ሞክሬ መልእክቱ ሁለት ጊዜ ተደግሞ መጣ፤ አንዱ መጨረሻ ላይ በኤስኤስኤል የተመሰጠረ፣ ሌላው ያልተመሰጠረ ይላል። መስመሩን በትክክል ጨምሬያለሁ፤ ለ192.168.1.0/24 ብዬ።

መልስ — ጂኦሜትሪ

መልእክቱ መለወጡ ጥሩ ምልክት ነው፤ ከበሩ ወደ ዘበኛው ደርሰዋል። ዘበኛው ያየው አድራሻ ደግሞ 192.168.10.37 ነው። የጻፉት መስመር የሚያካትተው ከ192.168.1.0 እስከ 192.168.1.255 ያለውን ብቻ ነው፤ ሦስተኛው ቁጥር 10 እንጂ 1 አይደለም። ሰርቨሩና የእናንተ ኮምፒውተሮች ያሉት በተለያየ የኔትወርክ ክፍል ላይ ነው ማለት ነው። ሁልጊዜ የራስዎን አድራሻ ከራስዎ ኮምፒውተር ሳይሆን ከዚህ መልእክት ላይ ይውሰዱት፤ በመካከል አድራሻ የሚቀይር መሣሪያ ካለ ሰርቨሩ የሚያየው እርስዎ የሚያዩትን አይደለምና።

ሁለት ጊዜ የመጣበት ምክንያት ኪውጂአይኤስ ላይ የኤስኤስኤል (የግንኙነት ምስጠራ) ሞዱ «ፕሪፈር» ስለሆነ ነው። በዚህ ሞድ መጀመሪያ በምስጠራ ይሞከራል፤ ካልተሳካ ያለ ምስጠራ ይደገማል። መስመሩን ሲጽፉ «ሆስት» በሚለው ፈንታ «ሆስትኤስኤስኤል» ቢሉት ያልተመሰጠረ ግንኙነት ጭራሹን አይገባም፤ ኪውጂአይኤስ ላይም ሞዱን «ሪኳየር» ያድርጉት።

ሌላው፣ ፖስትግሬስ ይህን ፋይል ከላይ ወደ ታች ሲያነብ የመጀመሪያውን የሚስማማ መስመር ይይዝና እዚያው ያቆማል፤ በዚያ መስመር ላይ የይለፍ ቃሉ ካልተቀበለ ወደሚቀጥለው አያልፍም። ስለዚህ ከእርስዎ መስመር በላይ ሰፋ ያለ ሌላ መስመር ካለ የእርስዎ መቼም አይነበብም። ፋይሉን ካስተካከሉ በኋላ ማስነሣት አያስፈልግም፤ «ሰሌክት ፒጂ_ሪሎድ_ኮንፍ()» በቂ ነው። ፊደል ተሳስተው እንደሆነ ለማየትም «ፒጂ_ኤችቢኤ_ፋይል_ሩልስ» የሚለውን ቪው (ከሌሎች መረጃዎች በጥያቄ የሚገነባ ሠንጠረዥ) ይክፈቱ፤ ከየመስመሩ ጎን ስሕተቱን ጽፎ ያሳይዎታል።

ካርታ ሠሪው (ጠያቂ)

አሁን ደግሞ «የይለፍ ቃል ማረጋገጫ አልተሳካም» ይላል። መስመሩን «ሆስትኤስኤስኤል» ብዬ፣ የይለፍ ቃል ማረጋገጫ ዘዴውን ደግሞ «ስክራም-ሻ-256» አድርጌ ጽፌዋለሁ። የይለፍ ቃሉ ግን ትክክል ነው! ሰርቨሩ ላይ ከ127.0.0.1 በዚያው ቃል እገባለሁ።

መልስ — ሰርቨር ጠባቂ

ቃሉ ትክክል መሆኑን አምናለሁ። ፖስትግሬስ ለደንበኛው የሚመልሰው መልእክት ሆን ተብሎ የተቆጠበ ነው፤ እውነተኛው ምክንያት የሚጻፈው ሰርቨሩ ሎግ (የክንውን መዝገብ) ውስጥ ነው። እዚያ ከስሕተቱ ቀጥሎ «ዲቴል» በሚለው መስመር ላይ ተጠቃሚው ትክክለኛ የስክራም ምስጢር የለውም የሚል፣ ከዚያም ግንኙነቱ ከፒጂ_ኤችቢኤ ስንተኛ መስመር ጋር እንደተዛመደ የሚናገር ያገኛሉ ብዬ እወራረዳለሁ።

በ13ኛው እትም የይለፍ ቃል ሲቀመጥ በነባሪነት በኤምዲ5 (ከስክራም በፊት በነበረው ዘዴ) ነበር፤ ከ14ኛው ጀምሮ ነባሪው ስክራም ሆኗል። ሲያሳድጉ የተዛወረው ቃሉ ሳይሆን የድሮው የኤምዲ5 ቅርጹ ነው፤ ከእርሱም የስክራሙን ቅርጽ ማውጣት አይቻልም። ለ127.0.0.1 የተጻፈው ነባር መስመር ኤምዲ5 ስለሚል ያንን ይቀበላል፤ አዲሱ መስመርዎ ግን ስክራምን ብቻ ይጠይቃል። መፍትሔው ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ የይለፍ ቃሉን እንደገና መስጠት ነው፤ ያው የድሮው ቃል ቢሆንም ችግር የለውም። ይህንን በ«ኦልተር ሮል» ከማድረግ ይልቅ በፒኤስኪውኤል ውስጥ ወደ ኋላ ያዘነበለ ሰረዝ አስቀድሞ «ፓስዎርድ» በሚለው ትዕዛዝ ያድርጉት፤ ቃሉ ከመላኩ በፊት ስለሚመሰጠር በግልጽ ሎግ ውስጥ አይቀርም።

ሁሉም ተጠቃሚዎች ካደሱ በኋላ የቀሩትን የኤምዲ5 መስመሮች ወደ ስክራም ይቀይሯቸው። ከባልደረቦችዎ አንዱ በጣም ያረጀ ሶፍትዌር የሚጠቀም ከሆነ ግን ያስቡበት፤ ስክራም የመጣው በ10ኛው እትም ስለሆነ ከዚያ በፊት በነበረው የመገናኛ ላይብረሪ የተሠራ ፕሮግራም ሊገባ አይችልም።

ካርታ ሠሪው (ጠያቂ)

ገባሁ! ሎጉ ውስጥ ያለውም ቃል በቃል እንዳሉት ነው። የቀረኝ አንድ ነገር ነው። በእኔ ስም ስገባ ሁሉም ሠንጠረዦች ይታያሉ፤ ለባልደረቦቼ በፈጠርኩት ተጠቃሚ ስንገባ ግን ግንኙነቱ ይሳካል እንጂ ዝርዝሩ ባዶ ነው። በእኔም ቢሆን አንድ ቪው ሲጨመር ኪውጂአይኤስ ለደቂቃዎች ይደርቃል።

መልስ — ጂኦሜትሪ

ባዶው ዝርዝር የፈቃድ ጉዳይ ነው። ወደ ዳታቤዙ መግባት መቻል ሠንጠረዦቹን ለማየት አያበቃም። በስኪማው (ሠንጠረዦቹ በተሰበሰቡበት ክፍል) ላይ «ዩሴጅ» (የመጠቀም ፈቃድ)፣ በሠንጠረዦቹ ላይ ደግሞ «ሰሌክት» (የማንበብ ፈቃድ) ያስፈልጋል፤ ኪውጂአይኤስ ሁለቱ የሌሉትን ሠንጠረዥ ከዝርዝሩ ያስቀረዋል፣ ስሕተት ብሎም አይነግርዎትም። ብዙ ሰው ሁለተኛውን ሰጥቶ የመጀመሪያውን ይረሳል። የሚያርሙ ባልደረቦች ካሉ «ኢንሰርት»፣ «አፕዴት» እና «ዲሊት» ይጨመሩላቸው፤ ተራ ቁጥር የሚሰጠው ሲኩዌንስ ላይም «ዩሴጅ» ካልተሰጣቸው አዲስ ቅርጽ ስለው ሲያስቀምጡ ይከለከላሉ። ለሁሉም ሠንጠረዦች በአንድ ጊዜ የሚሰጥ ፈቃድ ዛሬ ያሉትን ብቻ ስለሚመለከት፣ ነገ ለሚፈጥሯቸው «ኦልተር ዲፎልት ፕሪቪሌጅስ» ያስፈልጋል። ፈቃዱን ለየሰዉ ከመስጠት አንድ የቡድን ሮል ፈጥረው ባልደረቦችዎን አባል ቢያደርጓቸው ይቀልዎታል። የመገናኛው መስኮት ላይ «ፐብሊክ ስኪማን ብቻ ተመልከት» የሚለው ሳጥን ምልክት ተደርጎበት እንደሆነም ይዩት፤ መረጃዎ በሌላ ስኪማ ውስጥ ከሆነ እርሱም ዝርዝሩን ባዶ ያደርገዋል።

ወደ ቪው ልምጣ። የሚደርቀው፣ ብዙውን ጊዜ፣ የጂኦሜትሪው ዓምድ ዓይነትና የመለኪያ (የኮኦርዲኔት) ሥርዓት ቁጥር ሳይገለጽ ሲቀር ነው። ቪው ውስጥ ጂኦሜትሪውን በፖስትጂአይኤስ ተግባር ካሳለፉት፣ ለምሳሌ በ«ኤስቲ_በፈር» ወይም በ«ኤስቲ_ዩኒየን»፣ የሚወጣው ዓምድ ጂኦሜትሪ መሆኑ ብቻ ይታወቃል፤ ነጥብ ይሁን ባለብዙ ጎን፣ የሥርዓቱ ቁጥር 4326 ይሁን ሌላ አይታወቅም። ስለዚህ ኪውጂአይኤስ ይህን ለማወቅ ረድፎቹን ሁሉ ያነባል። በቪው ትርጉሙ ውስጥ ዓምዱን «ጂኦሜትሪ(መልቲፖሊጎን፣ 4326)» ወደሚለው ዓይነት በግልጽ ይቀይሩት (የራስዎን ዓይነትና ቁጥር ይተኩበት)፤ ልዩነቱን ወዲያው ያዩታል። በመገናኛው መስኮት ላይ «የተገመተ የሠንጠረዥ መግለጫ ተጠቀም» የሚለውን ማብራትም ይረዳል፤ ነገር ግን የሌየሩ ስፋት የሚሰላው ከስታቲስቲክስ ስለሚሆን፣ ብዙ ረድፍ ካስገቡ በኋላ «አናላይዝ» (ስታቲስቲክሱን የሚያድሰውን ትዕዛዝ) ካላደረጉ ወደ ሌየሩ አቅርብ ሲሉ የተሳሳተ ቦታ ሊወስድዎ ይችላል። ቪው ዋና ቁልፍ ስለሌለውም ሲጨምሩት አንድ ዓምድ እንደ መለያ እንዲመርጡ ይጠየቃሉ፤ እሴቱ የሚደጋገም ዓምድ ከመረጡ ቅርጾች ይጠፋሉ፣ ወይም አንዱን ሲነኩ የሌላው መረጃ ይመጣል።

ጥያቄ — ጀማሪዋ

በዚሁ ጉዳይ ላይ ልጠይቅ። የይለፍ ቃሉን በመገናኛው መስኮት ላይ ካስቀመጥኩ በኋላ የፕሮጀክት ፋይሉን ለሌላ ሰው ብልክ ቃሉ አብሮ ይሄዳል?

መልስ — የመረጃ ጎተራ

«ቤዚክ» በሚለው ትር ሥር አስቀምጠውት ከሆነ አዎ፣ በግልጽ ጽሑፍ ይሄዳል። የፕሮጀክት ፋይሉን በጽሑፍ አርታኢ ከፍተው ቢያዩት ያገኙታል፤ የታመቀው ዓይነት ከሆነም እንደ ዚፕ ፈትተው ውስጡን ይዩት። በእርሱ ፈንታ «ኮንፊግሬሽንስ» በሚለው ትር አዲስ ማረጋገጫ ይፍጠሩ፤ ቃሉ በዋና የይለፍ ቃል ተመስጥሮ በእርስዎ ኮምፒውተር ላይ ይቀራል፤ በፕሮጀክቱ ውስጥ የሚጻፈው መለያ ቁጥሩ ብቻ ነው። አንድ ፕሮጀክት ለብዙ ሰዎች የሚዳረስ ከሆነ ደግሞ «ፒጂ_ሰርቪስ» የሚባለውን ፋይል እመርጣለሁ። የሰርቨሩ አድራሻ፣ ፖርትና የዳታቤዙ ስም በእያንዳንዱ ሰው ኮምፒውተር ላይ በዚህ ፋይል ይቀመጣሉ፤ ፕሮጀክቱ የሚያውቀው የሰርቪሱን ስም ብቻ ነው። ሰርቨሩ አድራሻ ሲቀይር ፕሮጀክቶቹን መንካት አይኖርብዎትም።

ካርታ ሠሪው (ጠያቂ)

የቀረኝም ተፈታ። የጎደለው በስኪማው ላይ የሚሰጠው «ዩሴጅ» ነበር። ቪው ውስጥ ዓይነቱን ስገልጽለት ደቂቃዎች ይፈጅ የነበረው አሁን ዓይን ሳይጨፈን ይከፈታል። ሦስቱም ባልደረቦቼ ከየጠረጴዛቸው ገብተዋል፤ «ፒጂ_ሰርቪስ» ፋይሉንም ነገ አዘጋጅላቸዋለሁ። ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ።